ወተት የማያውቅ አምባር

ልጅ የላትም ብለው ጻፉኝ። እኔን፣ ጦይባ ሙሄን። ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ አንድ ጎረምሳ ምራቄን በጥጥ ወስዶ ማሽኑ አፍ ውስጥ ከተተው፤ ማሽኑ ጥቂት አሰበና «ወገን የለም» አለ። ጎረምሳው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ እጄ ላይ ነጭ አምባር አጥልቆ «ቀጣይ» አለ። ነጭ ማለት ዘመድ የላትም፣ ማንም አይጠይቃትም፣ ማንንም አታሰጋም ማለት ነው። በጨውዳር ከተማ ነጭ አምባር የደረሰን ሁለት ብቻ ነን፤ እኔና ከመርከብ ወርዳ የቀረች አንዲት ሴት። እሷስ ከባሏ ተደብቃ ስለነበር ደስ ብሏት ነው ያሰረችው።

«ማሽንህ ተሳስቷል» አልኩት።

«ማሽኑ አይሳሳትም እማማ። የሚናገረው ደምዎ ነው።»

ደሜ አፍ የለውም፤ አፍ ያለኝ እኔ ነኝ። ልነግረው ስጀምር ግን ከኋላዬ የተሰለፉት ገፉኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይኼን ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እኔም ደብቄው አላውቅም። ታዲያ ፊደል ያልቆጠረች ሴት የራሷን ልጆች አታውቅም ያለው ማነው?

ዘጊዎቹ ወደ ጨውዳር በጦርነት አልመጡም። በኮንትራት ነው የመጡት። ባሕሩ ወደ ቆላው ገብቶ የጨው ሜዳው ወደብ ከሆነ ወዲህ ከተማችንን የሚያስተዳድራት ይቀያየራል፤ አንዱ ይከስራል፣ ሌላው ይገባል። የእነሱ ተራ ሲደርስ «የሥርዓት ማኅበር» ነን አሉ። ዘጊዎቹ ያልናቸው እኛ ነን። መብራቱን አደሱ፣ መንገዱን ጠረጉ፣ የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ማለቱን ተወ። ሰው ደስ አለው። ከዚያ አምባሩ መጣ።

አለቃቸው አሚር ቀይስ ይባላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ሽቶ የሚቀባ፣ ሰው ሲያናግር ፈገግ የሚል ሰው ነው። «እኛ ትምህርት አልከለከልንም» ይላል። እውነቱን ነው። የትምህርት ቤቱ በር ዛሬም ክፍት ነው፤ እንዲያውም አረንጓዴ ቀለም አስቀብቶታል። ብቻ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ መህረሟ ካልሆነ አዋቂ ወንድ፣ ማለትም ልታገባው ከማይፈቀድላት የቅርብ ዘመድ ውጭ ከሆነ ሰው ጋር በአንድ ክፍል ስትቀመጥ አምባሯ ይጮኻል። ጩኸቱ እንደ ብረት መጋዝ ነው፤ ጥርስ ያፋጫል። ሴት መምህራኑን ደግሞ አስቀድመው ለፈቃድ እድሳት ብለው ቤታቸው ልከዋቸው ነበር፤ እድሳቱ እስካሁን አልደረሰም። የቀረው መምህር ይማም ብቻ ነው። እንግዲህ በሩ ክፍት ነው፣ መምህሩ አለ፣ ሴት ልጅ ግን የለችም። ማንም አልዘጋውም።

ሰው ሁሉን ይለምዳል። የዓሣ ገበያው ውስጥ ሻጮቹ ወንዶች ስለሆኑ፣ ልጃገረዶች ክንድ ያህል ከቀረቧቸው አምባሩ ስለሚጮኽ፣ ዓሣውን መወርወር ጀመሩ። ልጃገረዶቹም መቅለብ ተማሩ። የመይሙና ልጅ ሉባባ በአንድ እጇ ሁለት ዓሣ ስትቀልብ መርከበኞቹ ቆመው ያጨበጭቡላት ነበር። ሐኪም ቤት ሐኪሙ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ «ምላስሽን አውጪ» ይላል። ሰርግ ቤት ወንድሞች በጓሮ፣ የአክስት ልጆች በመንገድ ይቆማሉ። ድሮ አንድ ሰው ለሌላው ምኑ እንደሆነ ሲጠፋን እናቶችን እንጠይቅ ነበር። አሁን እጅ ዘርግተን አምባር መጠየቅ ለመድን።

ሉባባ ግን ዓሣ በመቅለብ የምትረካ ልጅ አይደለችም። ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ማዶ፣ ዘጊዎቹ አምባሩ እስከዚህ ዝም ይላል ብለው ካሰመሩት ቀይ መስመር ላይ ሄዳ ትቀመጥና ይማም የሚያስተምረውን በመስኮት ትሰማለች። ወንዶቹ መልስ ሲጠፋቸው ከውጭ ጮኻ ትመልስላቸዋለች። ይማምም ሆን ብሎ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ እንደ ሙአዚን ነው የሚያስተምረው። ይህ የተሰማ ዕለት አሚሩ ለልጆቹ ጤና አሰበላቸውና ክፍሉ ውስጥ ማቀዝቀዣ አስገባ። ማቀዝቀዣ ካለ ደግሞ መስኮት ይዘጋል። ሉባባ ዝም ካለው ግድግዳ ፊት ቁጭ ብላ ቀረች።

ሌላም ደንብ አለ፤ አንድ ዓመት ያቋረጠች ልጅ ወደ ክፍል አትመለስም። ሞቃቱ ነፋስ ሲገባ ዓመቱ ይዘጋል። ነፋሱ ደግሞ እየቀረበ ነበር።

የሙስሊም አገሮቹ ይህንን አልሰሙም አይባልም። በመጀመሪያ አወገዙ። በየተራ «ይህ እስልምናን አይወክልም» ሲሉ በድምፅ ማጉያ ሰማናቸው፤ ያሰሙን ራሳቸው ዘጊዎቹ ናቸው፤ ውግዘት የገደለው ሰው ስለሌለ አልፈሩም። ቀጥለው መርከቦቻቸውን አስቀሩ። ስኳር ጠፋ፤ አሚሩም ስኳር የሌለው ሻይ ለጤና ተስማሚ መሆኑን አስረዳን። ከዚያ ሂሳብ እየዘፈኑ የሚያስተምሩ ሳጥኖች በበራሪ ላኩና ከሰማይ ጣሉልን። አሚሩ ሳጥኖቹን አስለቅሞ ወንዶቹ ክፍል አስገባቸው፤ ለስጦታውም በይፋ አመሰገነ።

በመጨረሻ የአገሮቹ ሸንጎ አንድ ነገር ገባው። ሰዎቹ ይዘነዋል በሚሉት ሕግ ይዳኙ አለ። መርከብ እንዲመጣላቸው ከፈለጉ የሸንጎው ቃዲ በዓመት አንዴ ጨውዳር ይቀመጥ፣ አቤት ያለውን ሁሉ ይስማ፣ ፍርዱም በሸሪዓ ብቻ ይሁን፤ ማኅበሩም ለፍርዱ ይገዛ። አሚሩ ሳያመነታ ፈረመ። ለምን ያመነታል? ሕግ የሚያውቁት ዑለማዎች ከተማውን ለቀዋል፣ የተማሩት ፈርተዋል፣ የቀረነው እኛ ነን።

ቃዲው ሊመጣ ነው በተባለበት ሰሞን ደጄ ተቀምጬ መረብ ስጠግን ሉባባ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። መረብ ጠጋኝ ነኝ፤ እጄ ዛሬም አይንቀጠቀጥም። ልጅቷ ክሩን እያቀበለችኝ፣ መምህር ይማም ዘመዴ ቢሆን ምን ነበረበት አለች።

«ዘመድሽ ነው እኮ» አልኳት።

«የምን ዘመዴ?»

«አጎትሽ ነዋ። እናትሽንና እሱን አንድ ሰሞን በግራና በቀኝ ይዤ አጥብቻቸዋለሁ። እናትሽ ቀስ ብላ ነበር የምትጠባው። እሱ ይቸኩል ነበር።»

ክሩ ከእጇ ወደቀ። «ታዲያ አምባሩ ለምን ይጮኽብኛል እምዬ?»

መልሱ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። «አምባሩ የሚያውቀው ደም ነው» አልኳት። «ወተት አያውቅም።»

በሃይማኖታችን አንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው። አይጋቡም፤ ለልጆቻቸውም አጎትና አክስት ናቸው። ይህንን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ዘጊዎቹም ያውቁታል፣ እኛም እናውቀዋለን፤ ግን ማሽኑ ሲሠራ ያሠሩት ሰዎች ጥጥና ምራቅ ብቻ ስላሰቡ ወተት ተረሳ፤ እኛም አምባሩን ማመን ስለለመድን አብረን ረሳን። እኔ ራሴ «ወገን የለም» ሲለኝ በማሽኑ ተናድጄ ተመለስኩ እንጂ ልጆቼን ሰብስቤ አልሄድኩበትም።

ልጆቼ የምላቸው በዚህ ምክንያት ነው። ባሕሩ የገባበት ዓመት ከባቲና ከወረባቦ የወረድነው ሁሉ አሁን የመርከብ ማደሻው ያለበት ቦታ ላይ በድንኳን እንኖር ነበር። ትኩሳት ገባ። የታመሙትን እናቶች ለብቻቸው አጠሩባቸው፤ ሕፃናቱ በዚህ በኩል ቀሩ። የዱቄት ወተት የጫነው መርከብ መንገድ ላይ ነው ይሉ ነበር፤ መንገድ ላይ ከረመ። እኔ በዚያው ሳምንት አንድ ልጄን ቀብሬያለሁ። ስሙን ለማንም አልናገርም፤ የራሴ ነው። ጡቴ ግን ልጄ መሞቱን አልሰማም፤ ሞልቶ ይፈስ ነበር። የመጀመሪያውን ሕፃን ያመጡልኝ ዕለት አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም። ሲያመጡልኝ አጠባለሁ፣ ሳጠባ ያመጡልኛል፤ ሴቶቹ እኔን ለማብላት ይሯሯጣሉ። የአገሩ ሰው ጾሙን ሲያድር ለእኔ የዓሣ መረቅ አልተቋረጠም። እንደ ንግሥት ነው የያዙኝ፤ ከዚያም ወዲህ እንደዚያ የያዘኝ የለም።

የድንኳኑ ሰፈር ሸኽ፣ ሸኽ አደም፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አንድ ቀን በድንኳኑ በር ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙና፣ የምታጠቢውን ሁሉ በስሙ እወቂ፤ ነገ እህትና ወንድም ቢጋቡ በአንቺ አንገት ነው አሉኝ። እኔም ያዝኩ። ስንቱ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ማን እንደሆነ ጠይቁኝ።

ቃዲው መጣ ሲባል ወጥተን ስናይ፣ ከጀልባው የወረደችው አጭር፣ መነጽር ያደረገች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ከሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች የመጣች ናት፤ ቃዲ ኑርሐያቲ ትባላለች። እሷ በአገሯ ቋንቋ ስትናገር ከአንገት ልብሷ ላይ ያለች ቁልፍ ወደ አማርኛ ትመልሳለች፤ የቁልፏ ድምፅ ግን ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ የዜና አንባቢ ድምፅ ነው። አሚር ቀይስ ሴት መሆኗን ሲያይ ፈገግታው አንድ ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ። ፈርሟልና ምን ያደርጋል? ባዕድ ሴት አላይም ብሎ በዓሣ ጨረታው አዳራሽ ውስጥ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ችሎቱ እስኪያልቅ ያናገረው ግድግዳውን ነው።

እኔ ስነሳ አዳራሹ አጉተመተመ። አንዱማ፣ ይቺ ደግሞ ምን አግኝታ ነው አለ፤ ማን እንደሆነ አይቼዋለሁ። አቤቱታዬን ተናገርኩ። ይማም የጡት ልጄ ነው፤ መይሙና የጡት ልጄ ናት፤ ሉባባ የይማም የእህት ልጅ ናት፤ አምባሩ በሐሰት እየጮኸ ነው።

አሚሩ ለግድግዳው በትሕትና መለሰ። የጡት ዝምድና እውነት ነው፤ ማኅበሩ አይክደውም። ነገር ግን ይህች ሴት በማሽኑ እንደታየው ልጅ የላትም፤ ሰውም እንደሚያውቀው ያልተማረች ናት፤ የምትናገረውም ከአርባ ዓመት በላይ ያለፈው ነገር ነው።

ቃዲዋ መነጽሯን አወለቀች። በነቢዩ ዘመን አንዲት ጥቁር ሴት መጥታ ባልና ሚስቱን ሁለቱንም አጥብቻቸዋለሁ ብላ ቃሏ እንደተሰማ አስታወሰችው፤ ያቺም ሴት ትምህርት ቤት እንደገባች የተነገረ ነገር የለም አለች። ይኼን ሁሉ በዚያ ወፍራም የወንድ ድምፅ ነው የሰማነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ጊዜ ያህል ጠግበው ጠብተዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«አምስት?» አልኳት። «ይማም ከዙህር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ባለው ውስጥ አምስት ይሞላል። ነክሶኛልም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ይማም ከነመነጽሩ አንገቱን ደፋ።

አሚሩ ግን ሞኝ አይደለም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «ግማሾቹ ሊቃውንት የአንዲት ሴት ቃል ብቻውን አይበቃም ይላሉ። ይህች ሴት ደግሞ ይህንን ያሰበችው ባለፈው ሳምንት፣ ትምህርት ቤቱን ለማስከፈት ነው። አይደለም ካለች ከዚያ በፊት የተናገረችበትን ታሳይ።»

ቃዲዋ አሰበች። ሊቃውንቱ ተለያይተዋል፤ ስለዚህ ከቃሌ ሌላ የሚያጸናልኝ ነገር እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? ሸኽ አደም ሞተዋል። ድንኳኑ የለም። የታመሙት እናቶች አብዛኞቹ አልተነሱም። ሉባባ፣ አምባር እንዳይጮኽ በሩ ላይ ከደጅ ከቆሙት ሴቶች መሐል አፍጥጣ ታየኛለች።

ከኋላ «እኔ አለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ሸረፉ ነው። ዓሣ ደላላ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሰላም ብሎኝ አያውቅም፤ ስመጣ መንገድ ይቀይራል። ተቀይሜው ነው ልትሉ ነው፤ አይደለም፤ እሱ ነው የተቀየመኝ።

«ይቺን ሴት እጠላታለሁ» ብሎ ጀመረ። ቃዲዋ ቀጥል አለችው። «መይሙናን አጭቼ ነበር። ድግሱ ተደግሷል፣ በሬው ታርዷል፣ ዘመዶቼ ከደጋ ወርደዋል። ኒካህ ሊታሰር ቃዲው ቁጭ ብሎ ሳለ ይቺ ዘው ብላ ገባችና ‹ሁለቱም የእኔ ናቸው፤ አይሆንም› አለች። ለመንኳት፣ እናቴም ለመነቻት። እምቢ አለች። ሥጋውን ለጎረቤት አከፋፈልን። እኔም በዚህ ከተማ መሳቂያ ሆንኩ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያን ጊዜ የጠላኋት እውነት ስለተናገረች ነው፤ ዛሬ ዋሽታለች ሲሉ ዝም ካልኩ ያኔ በሬዬን በከንቱ አርጃለሁ ማለት ነው አለ።

ሚስቱ ከሴቶቹ በኩል፣ እንኳን አፈረሰችው፣ እኔ የት እገባ ነበር አለችው። እንደገና ሳቅ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። የጀልባ ሠሪው ተነሳ፣ የእሱንም አፍርሻለሁ። የዳቦ ቤቷ ሴት ተነሳች፣ ያፈረስኩባት በእጇ ሂና ተቀብታ ከተቀመጠች በኋላ ነው፤ ሂናው እስኪለቅ ድረስ ከቤት አልወጣችም ነበር። እያንዳንዱ የተናደደበትን ሰርግ ይዞ ይነሳል። ሰርግ አፍራሽ ይሉኝ ነበር ከኋላዬ፤ ያን ቀን ግን ፊት ለፊት፣ በቃዲ ፊት፣ ለምስክርነት ተባለልኝ። በመጨረሻ ይማም ራሱ ተነሳ። ዓይን አፋር ነው፤ ክፍል ውስጥ ካልሆነ ድምፅ የለውም።

«እኔ ሦስት ጊዜ አጭቻለሁ» አለ። «ሦስቱም እህቶቼ ሆነው ተገኙ። በመጨረሻ እማ ጦይባ ‹ልጄ፣ በዚህ ከተማ አትድከም፤ ኩታበር ሂድ› አለችኝ። ሄጄ ከዚያ አገባሁ።»

ቃዲዋ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች፤ ከሳቅ ነው። ከዚያ መነጽሯን መልሳ አደረገችና ፊቷ ተለወጠ። ዛሬ ለሚከፈት ትምህርት ቤት ሲል ከሃያ አምስት ዓመት በፊት በሬ ያረደ ሰው የለም አለች። የሴቲቱ ቃል ይጸናል። አምባሩም የጡት ዝምድናን ይወቅ።

የማሽኑ ጎረምሳ፣ ያው ነጭ አምባር ያጠለቀልኝ፣ ተጠርቶ መጣ። ማሽኑ ለአባት ቦታ አለው፣ ለእናት ቦታ አለው፤ ለወተት ቦታ የለውም አለ። ቃዲዋ፣ አብጅለት አለችው። ቀና ብሎ አየኝ፤ በዚህ ጊዜ አየኝ።

ያን ቀን ልጆቼ በፊቴ ተሰለፉ። ዓሣ በሚሸጥበት ድንጋይ ላይ ትራስ አድርገው አስቀመጡኝ። ጢማቸው የሸበተ፣ ሆዳቸው የተንዘረጠጠ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች አንድ በአንድ መጥተው ይቆማሉ፤ እኔ «የእኔ ነው» ስል ጎረምሳው ማሽኑ ላይ ያሰፍራል። ዝም ብዬ አላሳለፍኳቸውም። አንዱን፣ እናትህን ከጠየቅሃት ስንት ጊዜህ ነው አልኩት። አንዱን፣ ጥርስህን አሳየኝ፤ ድሮ ገና ሳይበቅል ነበር የሚያመኝ አልኩት። አንድ የዘጊዎቹ ዘበኛ፣ የዚሁ ከተማ ልጅ፣ መሣሪያውን ከግድግዳው አስደግፎ ሰልፉ ውስጥ ገባና ተራው ሲደርስ «እማ፣ እኔስ?» አለኝ። «አንተማ ጡት ትተፋ ነበር፤ ግን አምስቱን ጨርሰሃል» አልኩት። እንደ ሕፃን ፊቱ በራ። አሚሩ አሁንም ወደ ግድግዳው እንደዞረ ነበር።

ጣሂርም ተሰለፈ። ጨው ጫኝ ነው፤ ከሚስቱና ከልጁ ከነስሪን ጋር ወደ ጨውዳር የመጣ ገና በቅርቡ ነው። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ እኔንም ‹የእኔ ነው› በይልኝ እማማ፤ ልጄ ከሉባባ ጋር ነው የምትውለው፤ ማን ያውቃል አለኝ። ሰውየው ዓይኑ ውስጥ ውሃ ነበር። ማንም እንደማያውቅ እኔም አውቃለሁ። ግን ለእሱ ብዋሽ በእውነት የተናገርኩት ሁሉ አብሮ ይፈርሳል፤ ለአንድ ልጅ ብዬ የሁሉንም በር እዘጋለሁ።

«አላጠባሁህም ልጄ» አልኩት። ከምላሴ ላይ ስትወጣ እንደዚያች ቃል የከበደኝ የለም። አመስግኖኝ ሄደ፤ ማመስገኑ ባሰብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከተማው ሥራ አልገባም። ጀልባዎቹ ሳይፈቱ ቀሩ። ትምህርት ቤቱ ግቢ በር ላይ እናቶች፣ አባቶች፣ አሁን አጎት ሆነው ያደሩ ወንዶች ሁሉ ቆመዋል። ሉባባ ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀዩን መስመር ተሻገረች። ደረጃውን ወጣች። አረንጓዴውን በር ገፋች። ይማም ከሰሌዳው አጠገብ ጠመኔውን ጨብጦ ቆሟል። አልፋው ሄዳ የፊት ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

አምባሩ ዝም አለ።

እልልታው መርከብ ማደሻው ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። የጡት ልጆቼ የወለዷቸው ሌሎቹ ሴት ልጆችም እየተገፋፉ ገቡ፤ ወንበር አልበቃ አለ፤ ወንዶቹ መስኮት ላይ ተሰቀሉ። ማቀዝቀዣውን ማን እንደነቀለው እስካሁን አልታወቀም፤ መስኮቱ ግን ተከፈተ። ሸረፉ መጥቶ እጄን ሳመኝና፣ የበሬውን ነገር ትቼልሻለሁ አለኝ። ልጃገረዶቹ ሲወጡ የዓሣ ሻጮቹ ዓሣውን በእጅ በእጅ ሰጧቸው፤ ሉባባ ግን ጣሉልኝ አለች፤ መቅለቡ ይናፍቀኛል ብላ። ከሰዓት በኋላ አሚር ቀይስ በድምፅ ማጉያ ማኅበሩ ለሴት ልጆች ትምህርት ባደረገው አስተዋጽኦ ኩራት እንደሚሰማው ገለጸ። በሩን እንደገና ቀለም ሊያስቀባ ነው።

እኔም ስጨፍር ነበር። በዚህ ጉልበቴ። እየጨፈርኩ ዞር ስል ነስሪንን አየኋት። ቀዩ መስመር ላይ ቁጭ ብላለች፤ ሉባባ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ። መስኮቱ ስለተከፈተ ትሰማለች። አንድ ጊዜ ረስታ ወደፊት ተንፏቀቀች፤ አምባሯ ጮኸ፤ በጭፈራው መሐል ከእኔ በቀር የሰማው የለም። ወደ ኋላ ተመለሰችና እጇን በቀሚሷ ሸፈነችው፤ እኛን እንዳትረብሸን።

ከዚያ በኋላ እግሬ አልጨፈረልኝም።

የቃዲዋ ጀልባ ሊነሳ ነው ሲሉኝ ወደ ወደቡ ሄድኩ። ሮጥኩ ብል ማንም አያምነኝም፤ ግን ሮጫለሁ። ቃዲዋ ጀልባው ላይ ቆማ ለሰው እጇን ታወዛውዛለች፤ ሰው ተምርና ደረቅ ዓሣ አስታቅፏታል። ስታየኝ ደስ አላት። በዚያ ወፍራም ድምፅ፣ ሸንጎው በዚህ ፍርድ እንደሚኮራ፣ ዘጊዎቹ ባሉባቸው ሌሎች ወደቦችም የጡት ዝምድና ያላቸውን ሰዎች እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። በያዙት ሕግ አሸነፍናቸው አለች።

ነስሪንስ አልኳት።

ማን እንደሆነች አላወቀችም። ነገርኳት። ከዚያ፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ሸንጎው ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው፣ ዘንድሮ ይህን አገኘን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ስመለስ አለች። በሚቀጥለው ዓመት ስትመለስ ነስሪን ዓመት ያቋረጠች ልጅ ናት፤ አትመለስም። ይህንንም ነገርኳት።

«አንቺ» አልኳት፤ በዕድሜ ልጄ ናት፣ አንቱ አልላትም። «አንቺን ማን ነው ያስተማረሽ? አጎትሽ ነው?»

አይደለም አለች ቀስ ብላ። የማይዛመዷት ሰው ናቸው።

«መጽሐፉስ፣ አንብቢ የሚለው አጎት ላላት ብቻ ነው?»

አይደለም አለች።

«ታዲያ ይኼንን ለምን አልፈረድሽም? እኔ የጠየቅሁሽን ፈረድሽ፤ ያልጠየቅሁሽን ተውሽው። አሁን እጠይቅሻለሁ። ወተት ያለቀባት አሮጊት ነኝ፤ በየወደቡ እየዞርኩ አላጠባም። አምባሩ ከልጆቹ እጅ ይውለቅ። ከሉባባም ከነስሪንም። ዝም የሚለውም የሚጮኸውም።»

የጀልባው ሰው ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ከኋላዬ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል፤ ሸረፉ አለ፣ ይማም ጠመኔ እጁ ላይ እንዳለ መጥቷል፣ ጣሂር ነስሪንን በትከሻዋ ይዞ ቆሟል። ከወደቡ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ አሚሩ ያየናል፤ ፊቱን ወደ እኛ አዙሯል።

ገመዱን ረገጥኩት።

«ችሎትሽ አላለቀም» አልኳት። «ከጀልባው ውረጂ።»